ረዳት፦ የለም

ቤንዚን የምወስደው ከፋርማሲ ነው። በወር ሃያ ሊትር፣ በሐኪም ወረቀት። ወረቀቱ ላይ «ታካሚው ከማሽኑ ጋር ያለው ቁርኝት በድንገት ቢቋረጥ ለጤናው አስጊ ነው» ተብሎ ተጽፏል። የጻፈችው ሐኪም ሞተር ሳይክል በዓይኗ አይታ አታውቅም። «ሲነዱት ምን ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ንፋስ» አልኳት። እሱንም ጻፈችው።

ፋርማሲው ውስጥ ያለችው ልጅ ጀሪካኑን ስታቀብለኝ በየወሩ ያንኑ ነገር ትለኛለች። «አባባ፣ አይጠጣም። ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።» አርባ ዓመት ሙሉ ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፌ ስቤ ሳወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ዝም ብዬ እፈርማለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ዝም ብሎ መፈረምን ነው።

ስሜ ማንደፍሮ ጥላዬ ነው። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቃሊቲ ውስጥ ጋራዥ ነበረኝ። አሁን ጋራዥ የሚባል ነገር የለም፤ ቤቱ ግን አለ። ሞተሬን ዳለቻ እላታለሁ፣ ቀለሟ ግራጫ ስለሆነ። ስድስት መቶ ሃምሳ ሲሲ ናት። ግራና ቀኝ የዕቃ መያዣ አላት፣ መቀመጫዋ ሰፊ ነው፣ ለረጅም መንገድ የተሠራች ናት። ከተማ ውስጥ ቁም ሂድ ሲሏት ትግላለች፣ ታኮርፋለች። ድምፅዋ የሚስተካከለው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ካለፈች በኋላ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ስለዚህ አልፈርድባትም።

በ2068 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደብዳቤ መጣ። በእጅ የሚነዳ ማንኛውም ማሽን ከመስከረም አንድ ጀምሮ መንገድ ላይ የሚቆየው ሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር መሄዱ ከተረጋገጠ ብቻ ነው ይላል። ያን ያህል ሄዶ ሰው ያልገደለ ማሽን «የተፈተነ» ይባላል። ያልሞላ ይጨፈለቃል። ከተጨፈለቀ በኋላ ባለቤቱ ከፈለገ ለማስታወሻ ይወስደዋል። ፎቶው አብሮ ተልኳል፤ አንድ የሰው ሞተር ጥርብ ድንጋይ አክሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የአበባ ማስቀመጫ አለ።

የዳለቻ ቆጣሪ 171,406 ይላል።

ይህ ውሸት ነው። ውሸታሙ ደግሞ እኔው ነኝ። እኛ የድሮ መካኒኮች አንድ ልማድ ነበረን። ረጅም መንገድ ከመውጣታችን በፊት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ኬብል ከፊት ጎማ ላይ እንነቅለው ነበር፤ ስንመለስ እንገጥመዋለን። ለምን ቢሉ፣ ሞተሯ ስትሸጥ ወጣት ሆና እንድትገኝ። ሁላችንም እናደርገው ነበር፤ የማያደርግ እንደ ሞኝ ይቆጠር ነበር። እኔ ዳለቻን በሕይወቴ ልሸጣት አስቤ አላውቅም። ኬብሉን ግን ነቀልኩ። ሞያሌ ስሄድ ነቀልኩ፣ ጋምቤላ ስሄድ ነቀልኩ፣ አገሩን ስዞር ነቀልኩ። ስለዚህ ቆጣሪው የሚያውቀው ከቃሊቲ መርካቶ ያለውን ብቻ ነው። በእሱ ቢሆን ትልቁን መንገድ አልሄደችም።

ከደብዳቤው ጀርባ በጥቃቅን ፊደል ሌላ ነገር ነበር። ቆጣሪው የጎደለበት ሰው የጉዞ ደብተር ማቅረብ ይችላል። ደብተሩ የጉዞው መሪ የጻፈው መሆን አለበት። መሪውና ረዳቱ ራሳቸው፣ በዚያችው ማሽን ላይ ተቀምጠው፣ ለመሪው መኖሪያ በሚቀርበው መዝጋቢ ቢሮ እስከ ጳጉሜን አምስት ከቀኑ አሥር ሰዓት መቅረብ አለባቸው። ማሽኗ ሁለት ሰው መሸከም ካልቻለች ድሮም መንገድ ላይ መኖር የለባትም፤ ሐሳቡ እንደዚያ ነው መሰለኝ።

ደብተር የሚጽፍ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ኢንጂነር ሊበን ጉዮ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ዞረናል፤ እሱ በራሱ ሞተር፣ እኔ በዳለቻ። ማታ ማታ ባረፍንበት ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፦ ከዚህ እዚህ፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ምን ተበላሸ። ኬብሌን ስነቅል ያየኝና ይስቃል። «አንተ ሰው፣ የሄድክበትን መንገድ አልሄድኩም ብለህ ለማን ልትምል ነው?»

ከሊበን ጋር ከተነጋገርን ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2045 አገሩን ዞረን ስንመለስ፣ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ሬዲዮ ጣቢያ ጠሩት። እሱን። እኔ ጋራዥ ውስጥ ከአምስት ሠራተኞች ጋር ሆኜ አዳምጣለሁ። ድምፁን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛው «ብቻዎን ነው የዞሩት?» አለው። ሊበን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከረዳቴ ጋር» አለ። ስም የለ፣ ምን የለ። ረዳት ማለት የአውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸው ነው። ሠራተኞቼ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ «ረዳቱ» ነው የሚለኝ። «ረዳቱ፣ ወራጅ አለ!» ይሉኛል ሳልፍ። የልጄ ሰርግ ላይ እንኳ አንዱ ሰካራም «ረዳቱ፣ ሞልቷል ዝጋው» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ሊበን አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። አንድ ጊዜ ጋራዥ ድረስ መጣ፤ መኪና ስር ተኝቼ የለም አስባልኩ። ጫማውን አየሁት። ከዚያ አልመጣም።

ስለዚህ ሐምሌን በሙሉ አሰብኩ። ነሐሴን በሙሉ ተበሳጨሁ። ጳጉሜን ሦስት ጠዋት ተነሣሁ።

ከቃሊቲ ያቤሎ አምስት መቶ ስልሳ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ላይ እንቁላሎቹ አሉ። ሕዝቡ «የጉዞ ክፍል» ይላቸዋል፤ እንቁላል ያልናቸው እኔና ሊበን ነን፣ የመጀመሪያዎቹ የመጡ ጊዜ። ራሳቸውን የሚነዱ መኪኖች ናቸው፤ ነጭ ናቸው፣ መስኮት የላቸውም፣ ውስጡ ያለው ሰው የት እንዳለ አያውቅም። ዝዋይን አልፎ ዝዋይን አላየም። «የት ደረስክ?» የሚባል ጥያቄ ከሰው አፍ ጠፍቷል፤ «ስንት ደቂቃ ቀረህ?» ነው የሚባባሉት።

እኔ መንገድ ላይ ስወጣ እንቁላሎቹን የሚመራው ሥርዓት በፊቴም በኋላዬም ስልሳ ሜትር ባዶ ያደርጋል። ምን እንደማደርግ ስለማያውቅ ይፈራኛል። ስለዚህ ከኋላዬ እንቁላሎቹ ይሰለፋሉ፤ አንዳንዴ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ። ውስጥ ላሉት «በእጅ በሚነዳ ማሽን ምክንያት ዘግይተናል» ተብሎ ስሜ ይነገራቸዋል። ተሳፋሪ አስተያየት የመስጠት መብት አለው። አስተያየቱ ደረቴ ላይ በተንጠለጠለው ቢጫ መለያ በኩል ጮክ ብሎ ይነበባል፤ መለያውን መዝጋት ክልክል ነው።

«ይኼ ሽማግሌ ቤተሰብ የለውም እንዴ?» አለ መለያው ሞጆ ላይ።

«ሰርግ እየሄድን ነው፤ በእርስዎ ምክንያት ሙሽራው ቀድሞን ሊያረጅ ነው።» ይቺ መቂ አካባቢ። ስቄያለሁ።

«እግዚአብሔር ይይልህ።» ሻሸመኔ።

«ጋሼ፣ ድምፁ ደስ ይላል። ትንሽ ይቅረቡ።» ይቺ ሕፃን የያዘች ሴት መሆን አለባት። ልቅረብ ብልም እንቁላሉ ሸሸኝ።

ሐዋሳ አደርኩ። በማግስቱ ዲላን አለፍኩ። ከዲላ እስከ ያቤሎ ሰባት በር አለ። ከመንገዱ በላይ የተዘረጋ ብረት ነው፤ በእጅ የሚነዳ ነገር ሲያልፍ ማንነቱን ለአካባቢው ሰው ያሳውቃል፣ ይጠንቀቅ ብሎ። ድምፁ እንደ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሩቅ ይሰማል።

«አሽከርካሪ፦ ማንደፍሮ ጥላዬ። ረዳት፦ የለም።»

ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ሕጉ ረዳት ነው የሚለው። ከድሮው የአውቶቡስ ሕግ ገልብጠውት ነው። ይርጋጨፌ ላይ «ረዳት፦ የለም።» ሐገረ ማርያም ላይ «ረዳት፦ የለም።» ሰባት ጊዜ ሰማሁት። መንገድ ዳር የቆመ ሰው አንዴ እኔን አንዴ ባዶውን መቀመጫ ያያል።

ሊበን ከያቤሎ ወጣ ብሎ፣ ከመጨረሻው በር አለፍ ብሎ ነው የሚኖረው። ቀይ አፈር፣ ሰው የሚያህል ኩይሳ፣ አንድ ትልቅ ግራር። ግራሩ ስር ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ግራ እጁ ጭኑ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ይመስላል። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም፤ ሞተሩን እስካጠፋ ጠበቀ።

«የጭስ ማውጫው ቫልቭ ላልቶብሃል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ለምን አላስተካከልከውም?»

«ቸኩዬ ነው።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ቆይተህ ነው የቸኮልከው?»

ልጁ ቡኬ ከቤት ወጣች። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ሳውቃት የመንጃ ፈቃድ ፈተና የምትለማመድ ኮረዳ ነበረች። «ጋሼ ማንደፍሮ!» አለች፤ ሳመችኝ፤ ሻይ በወተት አመጣች። ከአራት ዓመት በፊት አባቷ በሕመም ግራ ጎኑ እንደደከመ ነገረችኝ። የእሱ ሞተር ሁለት መቶ ሺህ ካለፈ ቆይቷል፤ ግን መጨበጥ ስለማይችል ወስደው ሙዚየም ጣራ ላይ ሰቅለውታል። «ሄደን አየነው» አለች፤ «ዘይቱን አፍስሰው፣ ጎማውን ቀለም ቀብተውታል።»

«ጎማ ቀለም ይቀባል?» አለኝ ሊበን።

«ምን ያውቃሉ» አልኩት። በዚህ እንኳ ተስማማን።

ደብዳቤውን አሳየሁት። አነበበው። ቡኬ ደብተሩን በፌስታል ተጠቅልሎ አመጣችው። ሁሉም ነገር አለበት። ዳለቻ ሳትቆጥር የሄደችው ሠላሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው። ቆጣሪው ላይ ሲደመር ሞልቶ ይተርፋል። ገጾቹን አገላበጥኩ። «ማንዴ የሞተሩን ካቴና ቀጠለ።» «ማንዴ ዓሣ በልቶ ታመመ።» «ማንዴ ከፖሊስ ጋር ተጣላ፤ ልክ ነበር።»

«ረዳት የሚል የለበትም» አልኩት።

«የምን ረዳት?»

«ሬዲዮ ላይ ያልከው።»

«የቱ ሬዲዮ?»

እንግዲህ ይህን አስቡት። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ይህን ቃል ይዤ ተኝቼ ይህን ቃል ይዤ ተነሥቻለሁ። ሰውየው አያስታውሰውም። ነገርኩት። ጋዜጠኛው ያለውን፣ እሱ ያለውን፣ ሠራተኞቼ የሳቁትን፣ የሰርጉን ሰካራም።

«እንደዚያ ብያለሁ?»

«ብለሃል።»

«ስምህን ብጠራው ማን ያውቀዋል ብዬ ይሆናል።»

«እሱ ነው እኮ።»

«አንድ ቃል ነው ማንዴ።»

«ለአንተ አንድ ቃል ነው። እኔን ሰፈሩ በእሱ ነው የሚጠራኝ። ደግሞ ረዳቱ ማን ነበር? እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ስፈታ ቁልፍ የሚያቀብለኝ ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ» አለ። ክርክር የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ሻዩን ጠጣ። ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ የመጣሁት ለሞተሬ ነው።

የተጣላችን ቡኬ ናት። አባቷ መዝጋቢ ቢሮው እስካለበት እስከ ዲላ ከኋላዬ ተቀምጦ መሄድ አለበት ስላት ጆግዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሞተርዎን ያገኛሉ። እኔስ ምን አገኛለሁ? የተሰበረ አባት?»

እውነቷን ነው።

«ቡኬ» አለ ሊበን፤ «አራት ዓመት እዚህ ተቀምጬ እንቁላል ስቆጥር ሳልሰበር ነው የኖርኩት?»

«አባ፣ በአንድ እጅ እንዴት ትይዛለህ?»

«እሰሪኝ።»

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሰረችው። ሰፊ ሻርፕዋን አመጣች፤ በእሱ ወገብ አዙራ፣ በእኔ ሆድ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠረች። እንደ ሕፃን አዝዬው ማለት ነው። ስትቋጥር ጠበቅ አድርጋ ሳበችና «ከወደቃችሁ ሁለታችሁንም አላነሳም» አለችኝ።

በዋናው መንገድ ዲላ ሁለት መቶ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ግን ከሊበን አጥር ጀርባ የድሮው የጠጠር መንገድ ይነሣል፤ በአርባ ኪሎ ሜትር ያጥራል። እንቁላል አይሄድበትም፣ በርም የለውም። ሰዓት እንዳያልፍብን በጠጠሩ ሄድን። ጉድጓድ ሲመጣ ሊበን ከኋላዬ በቀኝ እጁ ትከሻዬን ቀድሞ ይነካኛል። ድሮ ከፊት እየነዳ እጁን እያነሣ ነበር የሚያሳየኝ።

ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ተበጠሰ። ድምፁን ሰማሁት፤ እንደ ጅራፍ ነው። ቋጠሮውን ፈታሁ፣ ሊበንን ደግፌ ዛፍ ስር አስቀመጥኩት። አራት ሰዓት ሆኗል።

«ትርፍ ማያያዣው መቀመጫው ስር ነው» አለ። «በጨርቅ ጠቅልለህ ነበር የምታስቀምጠው።»

«አሁን ቦታ ቀይሬያለሁ።»

«የት?»

«ዝም በል።» መቀመጫው ስር ነበር። በጨርቅ ተጠቅልሎ።

የመሣሪያውን ከረጢት አጠገቡ ጣልኩለት፤ ሌላ የማስቀምጥበት ቦታ ስለሌለ ነው። መሬት ላይ ተጋደምኩ። እጄን ስዘረጋ ፒንሳ መጣ። እንደገና ስዘረጋ ካቻቢቴ መጣ። ቀጥሎ አሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ። አልጠየቅኩም። አንድ ጊዜ ብቻ እጄ ባዶ ቀረ፤ ዞሬ ሳየው ቁልፉ ከእጁ ወድቆ በጣቱ አፈር ውስጥ ይፈልጋል። ዓይኑም ደክሟል ለካ። ዞሬ ጠበቅኩ። መጣ።

ዲላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ደረስን። መዝጋቢ ቢሮው አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ ስክሪን፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰው። ሰውየው በራሶ ይባላል፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሥራው የሰው እጅ የሚያስፈልጋትን አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ደብተሩን ስክሪኑ ላይ አገላበጠው። ወጥቶ ዳለቻን ዞረ፤ ሻርፑን አየና ተመልሶ ገባ።

«ኪሎ ሜትሩ ይሞላል» አለ። «አሁን ሁለታችሁም በቃል ታረጋግጣላችሁ። የደብተሩ ባለቤት?»

«ሊበን ጉዮ። መሪ ነበርኩ።»

ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ።

«የማሽኗ ባለቤት?»

«ማንደፍሮ ጥላዬ» አልኩ። እዚያ ላይ አቆምኩ።

«እና?»

«ማንደፍሮ ጥላዬ ነኝ።»

«አባ፣ 'ረዳት ነበርኩ' ማለት አለብዎት። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡት።»

ማንበብ እችላለሁ። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ።

ሊበን በቀኝ እጁ ጠረጴዛውን ተደገፈ። «አንተ ልጅ፣ ረዳቱ እኔ ነበርኩ ብልስ?»

«እንደዚያ ካሉ ደብተሩ የረዳት ደብተር ይሆናል። የረዳት ደብተር አይቆጠርም።»

«ለምን?»

«አላውቅም አባ። ከእኔ በፊት የተጻፈ ነው።»

ሰዓቱ ዘጠኝ ከአርባ አምስት ይላል። በሩ ክፍት ነው፤ ዳለቻ ትታየኛለች። በካቴናዋ ላይ የጠጠሩ አቧራ አለ፣ ከስሯ አንድ ጠብታ ዘይት ወርዷል። የአበባ ማስቀመጫው ያለበትን ፎቶ አሰብኩ። ያን ፎቶ ባላይ ኖሮ ቃሉን የምለው አይመስለኝም።

«ረዳት ነበርኩ» አልኩ።

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። «ድምፅዎ አልተሰማም» አለ በራሶ። «ከፍ አድርገው ይድገሙት።»

«እኔ ማንደፍሮ ጥላዬ ረዳት ነበርኩ!»

በር ላይ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩኝ። በራሶ ቁልፏን ተጫነ። ከግድግዳው ውስጥ የእጅ መዳፍ የምታህል የብረት ሰሌዳ ወጣች፦ «የተፈተነ። በረዳትነት።» ከኋላ ታርጋው ስር ትታሰራለች፤ ዕድሜ ልክ አትነሣም። ውጪ ተንበርክኬ አሰርኳት። ብሎኑን ያቀበለኝ ሊበን ነው። ሲያቀብለኝ ጉንጩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ የሚናገር ሰው እንደሚያደርገው።

ሻርፑን እኔው አሰርኩት። ቋጠሮው እንደ ቡኬ አልሆነም፤ ግን ይይዛል።

ከዲላ መውጫ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ጠጠሩ አለ፤ በአርባ ኪሎ ሜትር ያጥራል። በቀኝ አስፋልቱ አለ። «በየት ነው?» አለኝ ሊበን።

«በአስፋልቱ። ለወገብህ ይሻላል።»

ለወገቡ ይሻላል፤ ውሸት አይደለም። ግን ለወገቡ ብዬ አይደለም። አስፋልቱ ሰባት በር አለው።

የመጀመሪያው ከመታጠፊያው አምስት መቶ ሜትር አለፍ ብሎ ነው። ቀስ ብዬ ገባሁበት። መንገድ ዳር ሰዎች ቆመዋል፤ ቡና የጫነ አህያም አለ።

«አሽከርካሪ፦ ማንደፍሮ ጥላዬ። ረዳት፦ ሊበን ጉዮ።»

በሩ ኢንጂነር ብሎ እንኳ አልጠራውም። አንዱ ከመንገድ ዳር «ረዳቱ፣ ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ይህን ስድብ ከቃሊቲ ውጪ የሚያውቀው የለም እል ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቫልቩ ነው የተሰማኝ፤ ቲክ ቲክ ይላል፤ ስደርስ ላስተካክለው አሰብኩ።

ጥቂት መቶ ሜትር ሄድን። ከዚያ አገጩን ትከሻዬ ላይ አስደግፎ ጆሮዬ ስር መጣ።

«ማንዴ፣ ሬዲዮው ላይ እንደዚህ ነበር የተሰማው?»

«እንደዚህ ነበር።»

ከኋላችን እንቁላሎቹ መሰለፍ ጀምረዋል። መለያው ስድቡን ማንበብ ጀመረ፤ የእሱንም ስም ጨምሮ።

«ስንት በር ቀረ?»

«ስድስት።»

የማይጨብጠውን ግራ እጁን በቀኝ እጁ አንሥቶ ሆዴ ላይ፣ ቋጠሮው ላይ አስቀመጠው።

«በል እንግዲህ ቀስ ብለህ ንዳ» አለ። «በደንብ ይጥራኝ።»

ማርሹን ወደ ሁለት አወረድኩ።